በደረቅ ጨርቅ

እሑድ፣ ኦገስት 10

ኣሚት ሐሙስ ይመጣል። የነገረችኝ እጮኛው ኢናቭ ናት፤ ልጄማ መች ይደውልልኛል። ከሚሉኢም፣ ከተጠባባቂ ጦሩ፣ አሰናብተውታል አለች። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩና ተነሣሁ። የሚታጠብ ነገር ሞልቷል።

በእኛ ወግ ሐዘን ሲያበቃ ልብስ ይታጠባል፣ ቤት ይጠረጋል፣ ገላ ይታጠባል፤ ሰው ወደ ሰው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። የኣሚት ጓደኛ ሻይ ከሞተ ወር አልፎታል። ከኣሚት ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በአንድ ቀን የዘመቱ ጓደኛሞች ነበሩ። እዚህ ቤት ስንት ጊዜ በልቷል። «ሻይ ሻይ ይጠጣል?» እያልኩ ስቀልድበት፣ መቶ ጊዜ የሰማው ቀልድ ቢሆንም ይስቅልኝ ነበር። ኣሚት ለሺቫው፣ ለሰባቱ የሐዘን ቀናት፣ መጥቶ ከሟች ቤት በር ላይ ቆመ፤ ወደ ጦሩ ተመለሰ። እንግዲህ አሁን ሲመጣ ሁሉ ነገር ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው ብዬ ነው።

አንሶላውን አጠብኩ፣ መጋረጃውን አጠብኩ፣ ከዚያ በመስኮት የኣሚትን መኪና አየሁት። ከዘመቱበት ቀን ጀምሮ ከሕንጻው ሥር ቆሟል። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ አሁን ግን ግራጫ ሆኗል። ክርያት ሐይም ላይ ባሕሩ ቅርብ ነው፣ ነፋሱ ጨውና አሸዋ ይዞ ይመጣል።

የወለል ስማርቱት፣ መወልወያ ጨርቅ፣ ሁለት ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ በደረቁ አቧራውን ጥርግርግ አደረግሁ። ሽሬ ሳለን ውሃ ከወንዝ በጀርባ ነበር የሚመጣው፤ ውሃን ለአቧራ የሚያባክን ሰው አልነበረም። አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይነሣል፣ ውሃ የመጨረሻ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ ይህንኑ ነው፣ እጄም ሌላ አያውቅም። ከኋላው ክዳን ላይ የሰፈር ልጆች በጣታቸው የሰው ፊት ሥለውበታል፤ ጆሮው የትሪ ያህል የሰፋ። ከላዩ ሌላ አቧራ አርፎበት ደብዝዟል። የኣሚትን ጆሮ ይመስላል ብዬ ሳቅሁ። ልቅም አድርጌ ጠረግሁት፤ ከመኪናው ሁሉ ቶሎ አልለቅ ብሎ ያስቸገረኝ እሱ ነበር። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበትና አበቃሁ።

እርጥብ እንዳለ እንዴት ያበራ ነበር።


ሐሙስ፣ ኦገስት 14

መጣ። ሄደ። ነገ እጽፋለሁ።


ዓርብ፣ ኦገስት 15

የትናንቱን ልጻፍ።

የመጣው ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ነው፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ። ከስቷል። ወርጄ አቀፍኩት፤ እሱም በአንድ እጁ አቀፈኝ። ከዚያ መኪናውን አየ። ዙሪያውን ዞረና ከኋላው ሲደርስ ቆመ፤ ብዙ ቆመ። ፀሐይዋ መኪናው ላይ ነበረች።

«ኢማ፣ ማን ነው ያጠበው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ ወደይ፣ ልጄ። ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅህ ብዬ።»

መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ፣ መልሶ አነሣው። «ቤሰደር»፣ ደህና ነው፣ አለ።

ቤት ገብቶ ውሃ ጠጣ። ያቀረብኩለትን አልነካም። በሩ አጠገብ ያለው ምስማር ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቁልፍ አንሥቶ አየውና መልሶ ሰቀለው። ኢናቭ ዘንድ ነው የማድረው አለ። መኪናው ከደጅ ቆሞ ሳለ ወደ ነሸር በአውቶቡስ ሄደ።

እሱ ያየውን ለማየት ወረድኩ። ፀሐይዋ ባለችበት በኩል ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ተጭሯል፤ ክብ በክብ ላይ፣ የሸረሪት ድር ይመስላል። እጄ ያለፈበት ሁሉ ታትሟል። ይህን መኪና ለመግዛት ስንት ዓመት እንደ ሠራ እኔ አውቃለሁ። ወንዝ ወርዶ ልብስ አጥቦ እንደማያውቅ ሰው በአሸዋ ፈተግሁለት።

ለሰንበት ያበሰልኩት ሁሉ ድስቱ ውስጥ አለ። ማን ይበላዋል?


እሑድ፣ ኦገስት 17

ከሥራ ስመለስ አያ ባየህን ጠየቅኋቸው። ከላዬ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ስታጥቢ ከሰገነት አይቼሻለሁ አሉኝ። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ ቁጣሽን ፈርቼ ነው ብለው ሳቁ።

ወርደው ቀለሙን በጣታቸው ዳሰሱት። «ምጣድ ነው ያሰሽው ወይስ መኪና?» አሉኝ። ከዚያ ግን ፊቴን አይተው ቀልዱን ተዉት።

«ስሚ፣ ሃረግ። መጀመሪያ ውሃ። እጅሽን አታሳርፊበት። ከላይ ወደ ታች ይውረድበት፣ ብዙ ውሃ፤ አሸዋው በራሱ ይሂድ። አልሄድም ያለውን፣ እሱኑም ከራሰ በኋላ፣ በቀስታ። በደረቁ የነካሽው አቧራ ቢላዋ ነው።»

ጭረቱስ አይጠፋም ወይ አልኳቸው። የሚያውቁት የፖሊሽ ሰው አለ፤ ማሽኑን ይዞ ይመጣና ከቀለሙ በላይ ያለውን ስስ ሽፋን ገፎ ያለሰልሰዋል፣ አዲስ ይመስላል አሉ። አሁኑኑ ይምጣ ብዬ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። አጠባጠቡን ሳትማሪ ብታስለሰልሺው በሳምንቱ ትመልሽዋለሽ አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።


ዓርብ፣ ኦገስት 22

ደወልኩ። ኢናቭ አነሣች። ተኝቷል። እኩለ ቀን ነው። ለሰንበት ትመጣላችሁ? እንጃ፣ እጠይቀዋለሁ።

አልመጡም።


ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

የምሠራው ካርሜል ተራራ ላይ ያለ የአረጋውያን ማረፊያ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንሶላ ከኔ ጋር የምታጥፍ ሚሪያም የምትባል ሴት አለች፤ እሷም የእኛው አገር ሰው ናት። ዛሬ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ሳለ ነገሩን ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ለመኪና ቀለም ብሎ እናቱን የሚተው ልጅ አላየሁም» አለች።

ተናደድኩ። መኪናውን እንዴት እንደሚወደው ምን ታውቃለች? ገና ሲገዛው ጫማዬን አስወልቆ ነበር ያስገባኝ። እሷ ደግሞ ልጁ ምን አየ፣ ጠይቀሽዋል ወይ አለችኝ። ጠይቄዋለሁ አልኳት። እውነትም በስልክ ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ምን ሆንክ፣ በላህ ወይ፣ ተኛህ ወይ፣ ሥራ ጀመርክ ወይ፣ ለምን ዝም ትለኛለህ፣ በቀለሙ ነው ወይ። «ኢማ፣ ቤሰደር» ይልና ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ከሚሪያም ጋር ሳንነጋገር አንሶላ ስናጥፍ ዋልን።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ማለዳ፣ ጥላው ሳይለቅ አጠብኩት። አያ ባየህ የውሃ ጎማውን ከግቢው ቧንቧ ገጥመውልኝ አጠገቤ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ።

ውሃው ዝም ብሎ መሬት ላይ ይሄዳል። እናቴ ብታይ ትረግመኛለች። ከዚያ ሁለት ባልዲ ነው፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። የማጠቢያ ጓንቱን በሳሙናው ነክሮ አንድ ቦታ ማጠብ፣ በንጹሑ ባልዲ አሸዋውን ማራገፍ፣ እንደገና ሳሙና። ክብ አይሠራም፤ በቀጥታ፣ በአንድ አቅጣጫ። የመኪናው እግርና ከታች ያለው ቆሻሻ ለብቻው ጨርቅ አለው፣ መጨረሻም ነው የሚታጠበው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ዳግመኛ ቀለሙን አይነካም።

ማድረቁ ነው የከበደኝ። እጄ መፈተግ ነው የለመደው። ፎጣውን ዘርግቶ፣ አሳርፎ፣ ወደ ራስ በቀስታ መሳብ ብቻ ነው፤ ውሃውን ፎጣው ራሱ ይጠጣዋል። የእኔ ፎጣ ግን አልጠጣም፤ ውሃውን ከወዲያ ወዲህ ይነዳዋል። አያ ባየህ ግራ ገባቸው። ነገሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ማለስለሻ ጨምሬ ነበር ያጠብኩት፣ ማለስለሻ ፎጣን እንደሚያሰንፍ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። እሳቸውም ይህን አላውቅም ነበር አሉ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ፤ ማንም የለም። የሳቅሁበትን የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ገዛኢ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁበትን የምነግረው ለኣሚት ነበር።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

ኢናቭ ብቻዋን መጣች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ እሷ በዕብራይስጥ፣ እኔ በአማርኛ እንግባባለን። ያቀረብኩላትን በልታ ጨረሰች፤ ሰሐን ባዶ ሲሆን አይቼ ከቆየሁ ብዙ ቀኔ ነው።

ኣሚት ሥራ አልተመለሰም። ቀን ይተኛል። መኪና መንዳት እምቢ ብሏል። ጭረቱን አጠፋለታለሁ፣ የፖሊሽ ሰው አግኝቻለሁ፣ ንገሪው አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። የትኛው ጭረት? አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። በዘመቱበት ማለዳ ከዚሁ ሕንጻ ሥር ሆነው መጓጓዣ ሲጠብቁ፣ ሻይ ከኋላው ክዳን ላይ በአቧራው የኣሚትን ፊት ሣለ፤ ጆሮውን ያን ያህል አድርጎ። ኣሚት ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዘው። እስክንመለስ አትንካው፣ ስንመለስ እኔው አጥብልሃለሁ አለው። ከቀብሩ በኋላ ኣሚት እኔ ዘንድ ያልገባው ለዚህ ነው፤ ሥዕሉ መኖሩን ብቻ ከሩቅ አይቶ ሄደ። በኦገስት ያን ሐሙስ የመጣው እሱን ሊያይ ነበር።

«አታውቂም ነበር፤ እሱም ያውቃል። አልተቆጣብሽም። ምን እንደሚልሽ ነው ያላወቀው» አለችኝ።

ወደ አውቶቡሱ ሸኘኋት። በመኪናው አጠገብ ስናልፍ ሁለታችንም ወደዚያ አላየንም።

ልቅም አድርጌ ጠረግሁት ብያለሁ። ሳቅሁ ብያለሁ። የሰፈር ልጆች ሣሉት ብያለሁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የተጠረገ አቧራስ?


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

የእስራኤል አዲስ ዓመት ዋዜማ። የሁለት ሰው ምግብ ሠራሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። አልመጣም። ከላይ ቤት የአያ ባየህ የልጅ ልጆች ሲሮጡ ጣሪያው ይናጋል። ኑ ብለውኝ ነበር። ራሴን አሞኛል አልኩ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 28

የፖሊሽ ሰውዬውን ቀጠርኩት። ከዳስ በዓል በኋላ፣ ኦክቶበር 19 ይመጣል። አያ ባየህ አሁንስ አጠባጠቡን ችለሽዋል፣ ፈቅጄልሻለሁ አሉ። ሻይ ስለ ሣለው ሥዕል ግን አልነገርኳቸውም። ለማንም አልነገርኩም፣ ለሚሪያምም።

ሥዕሉን መመለስ አልችልም። የእጄን ምልክት ግን ላንሣለት። መኪናውን ባየ ቁጥር እኔ የጠረግሁበትን እንዳያይ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 1

የኣስተስርዮ፣ የይቅርታ ጾም፣ ዋዜማ። ጾሙ ሊገባ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ኢማ፣ ጾሙ ይቅለልሽ» አለ።

አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ አላወቅሁም፣ ለምን አልነገርከኝም፣ በላህ ወይ። ዋጥኩት። «ላንተም ይቅለልህ፣ ወደይ» ብቻ አልኩ። እሱም አልዘጋም። እስትንፋሱን እሰማለሁ፣ ከበስተኋላው የነሸር ውሾች ይጮኻሉ። ሁለታችንም ምንም ሳንል ብዙ ቆየን። ከዚያ፣ «በይ እሺ» አለና ዘጋው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኛ ነቅዞ ነበር፤ የዛሬው ግን ደህና ነበር።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

የመጀመሪያው ዝናብ። በአየር ላይ የነበረውን አፈር ሁሉ ይዞ ወረደ። መኪናው ጭቃ የተረጨ ይመስላል። የፖሊሽ ሰውዬው ታጥቦ ይጠብቀኝ ብሏል። ነገ ማለዳ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 17፣ ጠዋት

አለ። ሥዕሉ አለ።

ዳግመኛ ወርጄ አየሁ፣ አለ። ጆሮው አለ።

ደወልኩለት። ወገቤን አሞኛል፣ መኪናውን አጥቤ ማድረቅ አቃተኝ፣ ና እርዳኝ አልኩ። ወገቤ ምንም አልሆነም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሰንበት መግቢያ ዋሸሁ።

«ከሰዓት በኋላ» አለ።


እሑድ፣ ኦክቶበር 19

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ዓርብ ማለዳ በተማርኩት መንገድ አጠብኩት። ከኋላው ክዳን ላይ ፎጣውን ዘርግቼ ስስበው የቀረ ጠብታ እንዳለ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ፀሐይዋ ገና ከምሥራቁ ኮረብታ በላይ ብቅ ማለቷ ነበር፣ ብርሃኗ በክዳኑ ላይ ተጋድሞ ይመጣል። ከእኔ ክብ ክብ ጭረቶች መካከል አንድ ረጅም መስመር አየሁ፤ ወፈር ያለ፣ የጣት ያህል። ተከተልኩት። ታጠፈና አገጭ ሆነ። ወጣና ጆሮ ሆነ።

አያ ባየህ ከወንበራቸው ሆነው ምን አገኘሽ አሉኝ። በአቧራ ላይ በጣት የሚጽፍ ሰው ቀለሙን ይጭራል ወይ አልኳቸው። እንዴታ፣ አሸዋ ያለበት አቧራ ከሆነማ ለሁልጊዜ አሉ። የሻይ ጣት አሸዋውን ይዞ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ የጠረግሁት ላዩን ነው።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሥዕሉ ጠፋ። ጎንበስ ብል፣ ቀና ብል፣ የለም። ቢመጣና ባያየውስ? ቀኑን ሙሉ ሳበስል ልቤ ከታች ነበር። ያበሰልኩት ጨው ይብዛበት ይነስበት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ መጣ። ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ከመጨረሻዎቹ አውቶቡሶች በአንዱ፤ ፀሐይዋ እንደገና ዝቅ ትልልኛለች ብዬ መዘግየቱን ወደድኩት። መኪናውን ዳግመኛ በውሃ አርሼ ጠበቅሁት። ወገብሽስ አለኝ፤ ይሻለኛል አልኩ። ምን ሆንክ አላልኩም። ከስቷል፣ ጢሙን አልላጨም፣ አላልኩም። ፎጣ ሰጠሁት፣ እኔ የጣሪያውን ያዝኩ፣ ከኋላ ያለውን አንተ አድርቅልኝ አልኩ። አትፈትግ፣ አሳርፈህ ሳበው፣ እንዲህ ነው አልኩት። አየኝ። «ማን አስተማረሽ?» አለ። አያ ባየህ አልኩት።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ወርዳ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የደረቀውን ጣሪያ አደርቃለሁ። የሱ ፎጣ ሲሳብ እሰማለሁ። ከዚያ መሳቡ ቆመ።

ዞር አላልኩም። አላልኩም፣ ግን የመስኮቱ መስታወት ያሳየኝ ነበር። ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ክዳኑ አስጠግቷል። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ በአገጩ በኩል ዞረ፣ ወደ ጆሮው ወጣ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም።

«ኢማ፣ ጆሮዬ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ትንሽ አሳንሶታል» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ተሰበረና አለቀሰ። ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም እርጥቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጄን ግን አላሳረፍኩበትም። ቆይቶ እሱ ራሱ ራሱን ጭኔ ላይ አደረገ። የነገረኝን እዚህ አልጽፍም፤ የእሱ ነው። ሰንበት እስኪገባ ተናገረ፣ ሰንበት ገብቶም ተናገረ። ያበሰልኩት ጨው በዝቶበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ። ቅዳሜን ሙሉ በራሱ አልጋ ተኛ።

ዛሬ ጠዋት የፖሊሽ ሰውዬው ማሽኑን ይዞ መጣ። ዙሪያውን አይቶ፣ ይህ ሁሉ ይጠፋል፣ አዲስ አደርገዋለሁ አለ። ኣሚት ከኋላው ክዳን ፊት ቆመ። አመስግኖ መለሰው። እኔ ሌላው አካል ይለስልስ፣ ክዳኑ ብቻ ይቅር፣ የእኔን ጭረት ላንሣልህ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለ።

«ያንቺም ይቀመጥ» አለኝ። «ሁለታችሁም ናችሁ የሠራችሁት።»

ከዚያ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ሞተሩን አስነሣ። ስንት ወር ቆሞ ስለ ነበር አንገራገረና ተነሣ። የሻይን እናት ይዟት ሊመጣ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድታየው። እስኪመጡ ቤቱን ጠረግሁ። በሩን ስከፍት ምስማሩ ላይ ቁልፍ የለም።